አውራ ጣት ጋ ሲደርስ

ኅዳር 4

ሰርቪሱን በሰዓቱ አወጣሁ። የኋላ በር ዛሬም እምቢ አለ፤ በእግሬ ገፍቼ ዘጋሁት። ሠራተኞቹን ሳሙና ፋብሪካው በር ላይ አወረድኩ። ከዚያ እንደ ሁልጊዜው እስከ አሥራ አንድ ሰዓት መጠበቅ ነው። ጋዜጣ ገለጥኩ፣ አጠፍኩ። ወርጄ ጎማ አየሁ። ወጣሁ። እንደገና ወርጄ ያንኑ ጎማ አየሁ። ምን ሆኛለሁ?

ቤት ስገባ የካፖርቴ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። መርፌና ክር ፍለጋ የሚስቴን ከረጢት ከፈትኩ። ካረፈች ስምንት ወር፣ አንድ ቀን አልነካሁትም ነበር። ጥቁር አረንጓዴ የሱፍ ክር፣ አራት ጥቅል። ግማሽ ኮፍያ፣ የኪሮሽ መርፌዋ እንደተሰካበት... አናቱ አልቋል፣ ወደ ጆሮ የሚወርደው ይቀራል። ከሥሩ ከደብተር የተቀደደ ወረቀት። በእርሳስ፣ በዚያ ወደ ጎን በሚጋደም ጽሕፈቷ፦ «ለልጄ። ኮፍያና ጣቱ ክፍት ጓንት። በብርድ መጻፍ እንድትችል።»

ያኔ ልጃችን ሌላ ከተማ የመንገድ ቅየሳ እየተማረች ነበር። አሁን ቀያሽ ሆናለች። እናቷ ግን አላየችም።

የካፖርቱን ቁልፍ ሳልተክለው ቀረሁ።

ኅዳር 5

የሚስቴ እህት ደወለች። ልጄ ከቀብሩ ወዲህ እሷ ጋ ነው የምትኖረው።

«ሥራ ተመደበች። ተራራ ላይ ነው አሉ፤ ጠዋት ጠዋት ባልዲ ውስጥ ያለ ውሃ ሳይቀር በረዶ የሚሆንበት።»

«መቼ ትሄዳለች?»

«ታኅሣሥ ዘጠኝ።»

ቆጠርኩ። ሠላሳ አራት ቀን። ኮፍያና ሁለት ጓንት... እነዚህ ጣቶች መሪ እንጂ ክር ይዘው ያውቃሉ?

ኅዳር 7

ከኋላዬ ባለው ወንበር የምትቀመጠው የመጋዘኗ ሴትዮ መንገዱን ሙሉ ኪሮሽ ስትሠራ ነው የምትሄደው። ሰው ሁሉ ሲወርድ ጠብቄ «አስተምሪኝ» አልኳት።

«ለማን ልትሠራ?»

«ለልጄ።»

«ገዝተህ አትሰጣትም?»

«እናቷ የጀመረችው ነው።»

መርፌውን ከእጄ ወስዳ ገልብጣ አስያዘችኝ። «እንደ መሪ አትጨብጠው። እንደ እስክሪብቶ ያዘው።»

ብሎን ደርሶ አየን። መካኒኩ ነው፤ ከቅጥነቱ የተነሣ ስሙ ጠፍቶ ብሎን ሆኖ ቀርቷል። «ጋሼ፣ ሙያ ልትቀይር ነው? እንግዲያው ለሰርቪሱም ሹራብ ሥራለት። ጠዋት ጠዋት አልነሣ የሚለው በርዶት ነው።» እኔም ሳቅኩ።

ኅዳር 10

በጸሎት መሃል ራሴን ቋጠሮ ስቆጥር አገኘሁት። ሃያ ሦስት፣ ሃያ አራት... ይቅር በለኝ።

ኅዳር 13

ሠራሁ። ፈታሁ። ሠራሁ። ፈታሁ። ተነሥቼ ምድጃውን አየሁ፤ ጠፍቷል። ተቀመጥኩ። ተነሥቼ በሩን አየሁ፤ ተቆልፏል። ታዲያ ምንድን ነው የሚያስነሣኝ?

ኅዳር 16

ኮፍያው አለቀ። ራሴ ላይ አጥልቄ መስተዋት ፊት ቆምኩ። ሚስቴ ብታየኝ ወንበር ይዛ ነበር የምትስቀው። የእሷ እጅ የት አልቆ የእኔ የት እንደጀመረ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። የእሷ ቋጠሮ ይተነፍሳል። የእኔ ታንቋል።

ኅዳር 19

እሑድ። ልጄ መጣች። መጽሐፎቿን ልትወስድ ነው የመጣችው፤ ግን ቁጭ ሳትል የእቃ ማጠቢያውን ገንዳ ፈተገች፣ ሸሚዞቼን አጠበች። «አባዬ፣ ከስተሃል። ምን እየበላህ ነው?» ትለኛለች። ደግሞ ጠረጴዛው ላይ ኮፍያውን አየች።

«የማን ነው?»

«የአንቺ። እናትሽ ጀምራው...»

«አልፈልግም።»

ቀስ ብላ ነው ያለችው። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

«ስትሞት እንዳላያት የከለከለችኝ ሰው፣ እንዳይበርደኝ አሰበች? አትንገራት አላለችህም?»

«ብላኛለች» አልኩ።

«አንተ ምን ታደርግ። ቃሏን አከበርክ።» እጄን ያዘች። አጽናናችኝ... እኔን።

ከሄደች በኋላ ከመኝታ ቤት ሳሎን፣ ከሳሎን መኝታ ቤት ስል ዋልኩ። እውነቱን ቢያንስ እዚህ ልጻፈው። ሕመሟ ሲጸናባት ሚስቴ ያለችኝ «ፈተናዋን እስክትጨርስ አትንገራት» ነው። ፈተናው ሐሙስ አለቀ። ሐሙስ ደወልኩላት። ድምጿ በደስታ ይዘል ነበር። «ጨረስኩ አባዬ። እናቴስ?» «ደህና ናት፣ ተኝታለች።» አርብ አልደወልኩም። ቅዳሜ ጠዋት ሚስቴ አረፈች። ልጄ የደረሰችው ከቀብሩ በኋላ ነው። «ለምን አልነገርከኝም?» ስትለኝ «እናትሽ አትንገራት ብላኝ» አልኳት። ከዓረፍተ ነገሩ ግማሹን ሰጠኋት፤ ለእኔ የሚመቸኝን ግማሽ።

ይኸው ስምንት ወር በእናቷ ተቀይማለች። መቃብሯን አልረገጠችም። ብነግራት አጣታለሁ። ካልነገርኳት ደግሞ እናቴ አልፈለገችኝም እያለች ተራራ ላይ ትወጣለች።

ጌታዬ፣ እኔን ፈሪ አድርገህ ነው ወይስ እኔ ነኝ ፈሪ የሆንኩት?

ኅዳር 21

የመጋዘኗ ሴትዮ የዓመት ፈቃድ ወጣች። «ከእጅ አንጓ ጀምር፤ ለአውራ ጣት ክፍት ቦታ ተው። የቀረውን የሚስትህ ወረቀት ይነግርሃል» ብላኝ ሄደች።

ወረቀቱ በጀርባው እንዲህ ይላል፦ «32 ቋጠሮ። 12 ዙር። አውራ ጣት ጋ ሲደርስ ይሰፋል። ከዚያ 8 ዙር፣ አለቀ።»

ባትቀበለውስ? አልፈልግም ብላለች እኮ። ግን እጄ ሥራ ሲይዝ ነው ትንሽ የሚያርፍልኝ።

ኅዳር 24

ሁለቱም ጓንት አለቀ። ከኮፍያው ጋር አንድ ዓይነት። አውራ ጣቱ ጋ እንደታዘዘው ሰፋሁት፣ በወፍራም መርፌ፣ ድርብ ስፌት። ስፌት እንኳ አውቃለሁ፤ የሰርቪሱን ወንበሮች የሰፋሁ እኔ ነኝ። ለምን እንደሚሰፋ አልገባኝም። ነፋስ እንዳይገባ ይሆናል። እሷ ታውቃለች።

ኅዳር 27

የመጋዘኗ ሴትዮ ተመለሰች። ጓንቱን ኮርቼ ሰጠኋት። አጠለቀችው። አራት ጣቷ ወጣ። አውራ ጣቷ ውስጥ ሆኖ ወዲያ ወዲህ ይላል፣ መውጫ አጥቶ።

«ምነው ደፈንከው?»

«ወረቀቱ ነዋ። ይሰፋል ይላል።» ሰጠኋት። አነበበች። ደግማ አነበበች። ከዚያ ጓንቱን ፊቷ ላይ አድርጋ ሳቀች፣ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ።

«ይሰፋል ነው እኮ። አጥብቀህ ነው ያነበብከው። ላልቶ ነው የሚነበበው። አውራ ጣት ጋ ሲደርስ ሰፊ ይሆናል፣ ቋጠሮ ይጨመራል ማለቷ ነው። አንተ በመርፌ ጠረቀምከው?»

በጽሑፍ ሁለቱም አንድ ናቸው። በአፍ ሲሉት ነው የሚለዩት። የሚስቴ አፍ ደግሞ የለም።

ሰርቪሱ ሙሉ ሰማ። ብሎን ከኋላ «አውራ ጣቷን ቤት ትታው ትሂዳ» አለ። አንዱ ደግሞ «ጋሼ፣ በሩን ያልሰፋኸው ይመስገን፣ የት እንወርድ ነበር?» እስከ ከተማ ሲሳቅብኝ ሄድኩ። ደስም አለኝ እኮ... ከስንት ጊዜ በኋላ ሰው በእሷ ምክንያት ሲስቅ።

ኅዳር 28

ስፌቱን በምላጭ ፈታሁ። ከአሥራ ሁለተኛው ዙር በላይ ያለውን ሁሉ ተረተርኩ።

ሲያስቀኝ ውሎ ማሳቁን አቆመ። ይሄኛውን ቃል ተሳስቼ ነው ያነበብኩት። ማንም ይሳሳታል። ያኛውን ግን ተሳስቻለሁ? አልተሳሳትኩም። «እስክትጨርስ» ያለችውን ሰምቻለሁ፣ ገብቶኛል፣ እያወቅኩ ቆርጬዋለሁ። ስህተት እያልኩ ይቅርታ ስለምንበት የነበረው ስህተት አይደለም። በትክክለኛ ስሙ ጠርቼው አላውቅም፣ በጸሎት እንኳ።

እሑድ እሄዳለሁ።

ኅዳር 30

አንዱ ጓንት ተስተካከለ። አውራ ጣቱ ጋ ሰፋ፣ ላልቶ። እሑድ እሄዳለሁ ብያለሁ። ዛሬ የማዞሪያውን መንገድ አልፌ ሄድኩ፣ ሃያ ዓመት የነዳሁበትን። «ሹፌር፣ ተሸጥን እንዴ?» አለ አንዱ።

ታኅሣሥ 3

ሄድኩ።

የሚስቴ እህት ሻይ ልታፈላ ተነሣች። «ተቀመጪ፣ አንቺም ስሚ» አልኳት። ልጄ መሬት ላይ ልብሶቿን ሻንጣ ውስጥ ትደረድር ነበር። ቆሜ ተናገርኩ። ሐሙስን፣ አርብን። «እናትሽ ያለችው ፈተናዋን እስክትጨርስ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሁለት ቀን የእኔ ነው። ፈርቼ ነው። ከዚያ በእሷ አሳበብኩ።»

እጥፋቷን አላቆመችም። አንድ ሸሚዝ ሦስት ጊዜ አጠፈች።

«ሐሙስ ተኝታለች አልከኝ።»

«አዎ።»

«ሐሙስ ማታ በሚነሣው አውቶቡስ ብሳፈር አርብ እደርስ ነበር።»

«አዎ።»

«ስምንት ወር ሙሉ እሷን...» አልጨረሰችውም። ተነሣች። ቀና ብላ አየችኝ፣ እንደ እንግዳ። «ይሂዱ» አለችኝ።

እርስዎ። በሕይወቷ እርስዎ ብላኝ አታውቅም። የሰፈር ሽማግሌ ነው እርስዎ የምትለው።

ኮፍያውንና አንዱን ጓንት ወንበሩ ላይ ትቼ ወጣሁ።

ሁሉንም አልነገርኳትም ደግሞ። አርብ ዕለት ሚስቴ «ነገርካት?» ብላ ጠይቃኝ ነበር። ምን ብዬ እንደመለስኩላት ለልጄ አልተናገርኩም። እዚህም አልጽፈውም። አልችልም።

ታኅሣሥ 5

የሚስቴ እህት ደወለች። እሷም ድምጿ ቆርፍዷል። «ቅር ብሎኛል፣ አልደብቅህም። ግን ልትሰማው ይገባል ብዬ ነው። ትናንት ብቻዋን እናቷ መቃብር ሄደች። ኮፍያውን አድርጋው ነው የወጣችው። እዚያው ውላ ተመለሰች።»

«ምን አለች?»

«ምንም። ራቷን ግን በላች።»

ተመስገን። ሌላ ልጽፍ አልቻልኩም።

ታኅሣሥ 7

ሁለተኛው ጓንት አለቀ። ምን ላድርገው? ልውሰድላት? ይሂዱ ተብያለሁ። በፖስታ ልላከው? ኪሴ ውስጥ ከትቼው ዞርኩ። አሥር ጊዜ አወጣሁት።

ታኅሣሥ 8

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሠራተኛው ሊሳፈር ሲል በፋብሪካው በር መጣች። በእግሯ። ኮፍያው ራሷ ላይ። ሞተሩን አጠፋሁ። ብሎን መንገድ ለቀቀላት።

በመስኮቱ በኩል እጇን ዘረጋች። «አንዱ ይጎድላል።»

ሰጠኋት። እዚያው አጠለቀችው። አውራ ጣቷ ወጣ። አጠፈችው፣ ዘረጋችው።

«ነገ ጠዋት ነው የምሄደው። ጤናዎን ይጠብቁ።»

«እግዚአብሔር ይከተልሽ።»

ሄደች። የመጋዘኗ ሴትዮ በስተኋላዬ «ልኳ ነው» አለች፣ ቀስ ብላ። ቁልፉን አዙሬ ሞተሩን ለማስነሣት ሦስት ጊዜ ሞከርኩ።

ታኅሣሥ 12

ደርሳለች አሉ። ለአክስቷ ነው የደወለችው። ደግ ነው... ለእኔ ምን ብላ ትደውላለች?

ታኅሣሥ 17

እሑድ። ጸሎቴን አድርሼ ቁጭ እንዳልኩ ስልኩ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር። እሷ ናት።

«ደህና ነዎት?»

«ደህና ነኝ። ብርዱስ?»

«ብርድ ነው። ነፋሱ ወረቀት ከእጅ ይነጥቃል። ጣቴ ግን ይጽፋል።»

ነፋሱ በስልኩ ውስጥ ይሰማል።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት። አርብ ዕለት እናቴ ስለ እኔ ምንም አልጠየቀችም?»

ተነሣሁ። አልጠየቀችም ማለት ቀላል ነበር። ማን ያውቅብኛል? አፌ ላይ መጥቶም ነበር።

«ጠይቃለች። "ነገርካት?" አለችኝ። "ነግሬያታለሁ፣ ነገ ትደርሳለች" አልኳት። ለእሷም ዋሸሁ፣ ልጄ።»

«አመነችህ?»

«አመነችኝ። በሩን ወደማይበት አዙረኝ አለች። ትራሱን ከፍ አድርጌ አዞርኳት። ከዚያ "ማበጠሪያ ፈልግልኝ፣ ልጄ እንዲህ ሆኜ እንዳታየኝ" አለችኝ።»

ታለቅስ እንደሆነ አላውቅም። የሚሰማኝ ነፋስ ነው። እኔ ግን አለቀስኩ፣ ስልኩን ከአፌ አርቄ።

«አበጠርክላት?»

«አበጠርኩላት። አላውቅበትም። መሃል ለመሃል ከፈልኩት።»

«በጎን ነው እኮ የምትከፍለው፣ አባዬ» አለችኝ።