ማንም የማይሳሳለት ቡሽ፦ የሲስተር ዶርቃስ ዋቅቶላ የሕይወት ታሪክ

ሲስተር ዶርቃስ ዋቅቶላ ከአባታቸው ከኦቦ ዋቅቶላ ጂራ እና ከእናታቸው ከአዴ ሲንቄ ቀንዓ በ1953 ዓ.ም. በእጃጂ ከተማ ተወለዱ። ትምህርታቸውን በእጃጂና በአምቦ ተከታትለው በነርስነት ከተመረቁ በኋላ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በጊንጪ አገልግለዋል። መርፌያቸው የማያስለቅስ፣ ቁጣቸው ግን የሚያስለቅስ ነርስ ነበሩ። በ1979 ዓ.ም. ከመምህር ይገዙ ደግፌ ጋር ጋብቻቸውን ፈጽመው ሶረቲን፣ ሞቲንና ለሊሳን ወልደዋል።

የመጨረሻ ልጃቸው ለሊሳ ዓሣ ማጥመድ ይወድ ነበር። በመንጠቆው ክር ላይ የሚንሳፈፈውን፣ ዓሣ ሲጎርስ ጠልቆ የሚያስታውቀውን ቡሽ ራሱ ጠርቦና ቀለም ቀብቶ፣ ያየው ሁሉ የሚመኘው አድርጎ ሠራው። በ2008 ዓ.ም. ደንዲ ሐይቅ ላይ ክሩ ሣር ውስጥ ተያዘበት። ቡሹን ትቶ መምጣት አሳሳውና ሊያመጣው ገባ፤ አልወጣም። የሃያ አንድ ዓመት ወጣት ነበር።

ሲስተር ዶርቃስ ከሐዘን እንደተነሡ ቢላዋ አነሡ። ለአጥማጆች ቡሽ እሠራለሁ፣ ግን ማንም የማይሳሳለት ቡሽ አሉ። ያረጀ ነጠላ ጫማ እየቆረጡ፣ በጋለ ሽቦ እየበሱ፣ ቀዳዳው የሰፋውን በሻማ እየደፈኑ ሠሩ። መልኩ አስቀያሚ፣ ውኃ ላይ ሲንሳፈፍ ግን የማያሳፍር ነበር። ይህን የጻፈው ታናሽ ወንድማቸውም ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገብቶ በባዶ እግሩ የተመለሰበት ቀን አለ። ዘመድ ሐዘን አዙሯቸው ነው ብሎ ሊያስተዋቸው ቢሞክርም፣ እሳቸው በምክር የሚመለሱ ሰው አልነበሩም። ቅዳሜ ቅዳሜ ደንዲ እየወረዱ በነጻ ያድሉ ነበር። «ክርህ ከተያዘ ቁረጥና ና፤ ሌላ እኔ እሰጥሃለሁ» ይላሉ።

ሮብሳን የተባለ ወጣት አጥማጅ የተሰጠውን ቀይ ቀብቶ ስሙን ቢጽፍበት ነጥቀው ሌላ አስቀያሚ ሰጡት። «አዴ ዶርቃስ፣ ምን አጠፋሁ?» ቢላቸው «ወደድከው» አሉት። ተቀይሟቸው ከረመ። በ2013 ዓ.ም. ክሩ ለሊሳ በቀረበት ቦታ ተያዘበት። ያን አስቀያሚ ቡሽ አየት አደረገና ክሩን ቆርጦ ወጣ። ሌላ ሊጠይቅ ቤታቸው ሲመጣ ሲስተር ዶርቃስ ሰው ፊት አለቀሱ።

ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ጥር 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ወደ ጌታ ተሰበሰቡ። ከኋላቸው የቀሩት ባለቤታቸው መምህር ይገዙ፣ ልጆቻቸው ሶረቲና ሞቲ፣ እንዲሁም ከልጆቼ ተርታ ጻፉልኝ ብለው ራሳቸው ያዘዙት ሮብሳን ናቸው። እናትንና ለሊሳን ጌታ በእቅፉ ያገናኛቸው።