ጥቁር የተቀባው እንጨት

ይድረስ ለምራቴ፣

ከነወላጆችሽ እንደምን አላችሁ? የእናትሽ ሳል ቀለል አለላት? እኔ ጉልበቴ ባይታዘዘኝም አለሁ። ፊደሌ ቢንጋደድ አትሳቂ፤ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። የልጄን ደብዳቤ ራሴ እንዳነብ ብለሽ በምድጃው አመድ ላይ በጣትሽ እየጻፍሽ አስቆጠርሽኝ። እኔ ማንበብ ስለምድ እሱ መጻፍ አቆመ።

በጸደይ የላክሽው ደብዳቤ ደርሶኛል። ዓሣ ነጋዴው ሊያገባሽ እንደሚፈልግ፣ ያለ እኔ ፈቃድ ግን እሺ እንደማትዪው ጽፈሻል። ተናድጄ መልስ አልጻፍኩልሽም። የልጄ የዮሺሃሩ አጥንት ነው ብለው ከጦሩ የላኩልን ነጭ ሣጥን ውስጥ የነበረው ድንጋይ ነው፤ አጥንቱን ያላየሁትን ልጅ ማን ሞተ ይለኛል? ስለዚህ በየጠዋቱ የሱን ገበታ ማቅረቤን አልተውኩም። የሾርባው ክዳን ሲነሳ ውስጡ ጤዛ ካለ፣ የራቀው ሰው በሕይወት አለ ማለት ነው። ጎረቤታችን እትዬ ኩሜ፣ «አንቺ ሴት፣ ትኩስ ሾርባ እኮ ለሞተም ያልበዋል» እያለች ትስቅብኛለች። የሷ ልጆች ከጦርነቱ ተመልሰዋል፤ ትሳቅ።

ሰሞኑን አንድ የሚያነክስ ሰው መጣ። ኦኩሙራ ይባላል፤ ከዮሺሃሩ ጋር በአንድ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ይበር ነበር። ሌሎቹ ወደ ፊት ሲያዩ ልጄ ብቻውን ጅራቱ ውስጥ፣ ጀርባውን ሰጥቷቸው፣ መትረየሱን ይዞ ይቀመጥ ነበር አለኝ። «እማማ፣ ቀልደኛ ነበር እኮ። 'እናንተ የምትሄዱበትን እዩ፤ አገራችንን መጨረሻ የማየው እኔ ነኝ' ይለን ነበር» አለ።

በኋላ አውሮፕላኑ እንዲቀል ብለው መትረየሱን አወረዱት። ጠላት ከሩቅ መትረየስ መስሎት እንዲፈራ በቦታው ጥቁር የተቀባ እንጨት ሰኩ። ልጄም ጠላት ሲመጣ እንዲናገር ከእንጨቱ ኋላ ተቀመጠ። ጅራቱ ተቆርጦ ሲወድቅ ኦኩሙራ በዓይኑ አይቷል።

የእንጨቱን ርዝመት ጠየቅኩት። ክንዱን ዘረጋልኝ። ጫፉስ አልኩት። ተቦርቡሮ ነበር አለኝ። ሌላ አልጠየቅኩም፤ ሻይ ቀዳሁለት።

በጦርነቱ ጊዜ የመንደሩ ሴቶች በቤተ መቅደሱ ግቢ እንጨት ስንልግና ጫፉን ስንቦረቡር እንደከረምን ታስታውሻለሽ። ለወታደር መለማመጃ ነው ብለውን ነበር። አንቺ ታምመሽ ቤት ነበርሽ፤ እንኳን ቀረሽ። ጠማማ ነው ብለው የመለሱብኝን አንዱን የልብስ ማስጫ አድርጌው ነበር። ትናንት ጫፉን ቆርጬ፣ ነጩ ሣጥን ውስጥ ከድንጋዩ ጎን አድርጌ አስቀበርኩት። የቤተ መቅደሱ መነኩሴ ምንድን ነው ቢለኝ፣ የልጄ ነው አልኩት።

ዛሬ ጠዋት ለራሴ ብቻ አቀረብኩ። ሾርባውንም ክዳን አልከደንኩበትም።

አግቢ፣ ልጄ። ለሠርጉ አትጥሪኝ፣ አልመጣም። ቤትሽ ይሙቅ፤ ገበታ ላይ ፊቱን ወዳንቺ አዙሮ የሚቀመጥ ባል ይሁንልሽ።

አማትሽ የነበርኩት፣
እናትሽ