በአራት ነጥብ ምክንያት ከመጽሔት አራሚነት ስለመታገዴ

ለትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ቀን፦ ኅዳር 9

ጉዳዩ፦ የኮምፒውተር መጽሔቱን ማረም እንድቀጥል እንዲፈቀድልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

1. ጽሕፈት ቤትዎ ለመምህራንና ለተማሪዎች በኢንተርኔት የሚያወጣውን የኮምፒውተር መጽሔት ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ በበጎ ፈቃድ ሳርም ቆይቻለሁ። ኮምፒውተር አላውቅም፤ አማርኛ አውቃለሁ። ሲጠሩኝም የፈለጉት ሁለተኛውን ነበር።

2. ባለፈው እትም ተማሪዎች ኮምፒውተር ላይ እንዲጽፏቸው የተዘጋጁ የትእዛዝ መስመሮች ነበሩ። አንዳቸውም አራት ነጥብ አልነበራቸውም። እኔን ያስተማሩኝ መምህር፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አራት ነጥብ የረሳ ልጅ ሲያገኙ “አራት ነጥብ የሌለው ዓረፍተ ነገር በሩ ያልተዘጋ ቤት ነው” እያሉ ተነስቶ የክፍሉን በር ከፍቶ እንዲዘጋ ያደርጉ ነበር። በዚህ አድጌ ዝም ማለት አልቻልኩም፤ በየመስመሩ መጨረሻ አስቀመጥኩ። መጽሔቱ ወጣ፣ ተማሪዎቹም እንዳለ ገለበጡት፤ የየትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ሁሉ አሻፈረኝ አለ።

3. አዘጋጁ ደውለው፣ “እማማ፣ ኮምፒውተር እኮ አራት ነጥብ አያውቅም” አሉኝ። ካላወቀ ይማራ፣ የተቀመጠው ትምህርት ቤት አይደል ወይ አልኳቸው። በማግስቱ የእግድ ደብዳቤ ደረሰኝ። ደብዳቤው ሦስት ስሕተት ስላለበት አርሜ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ፤ ምስጋና አያስፈልግም።

4. እኔ ከታገድኩ ወዲህ የወጣው እትም ሽፋኑ ላይ “ለመምህራኖች” ይላል። መምህራን ራሱ ብዙ ነው፤ እነዚህ ምን ያህል ቢበዙ ነው “ኖች” የተጨመረላቸው? ውስጡ ደግሞ “ፕሮግራሙን ይጫኑት” የሚል አለ። ኮምፒውተሩ ውስጥ ያስገቡት ለማለት ነው አሉ። የልጅ ልጄ መምህር ግን ስክሪኑን በአውራ ጣታቸው ሲጫኑት አረፈዱ።

ከጉዳዩ ውጭ ቢሆንም ልጨምር። ባለቤቴ ካረፉ ወዲህ ቤቴ ጭር ብሏል። ስልኬ የሚጮኸው ወይ ከመጽሔቱ “እማማ፣ ይቺን ይዩልን” ሲሉኝ፣ ወይ አንዱ አጭበርባሪ ሽልማት ደርሶሻል ሲለኝ ነበር። አሁን የቀረኝ ሽልማቱ ብቻ ነው።

ስለዚህ ወደ ሥራዬ እንድመለስ ይፈቅዱልኝ ዘንድ በትሕትና እጠይቃለሁ። በበኩሌ ጽሑፉን እንጂ የኮምፒውተሩን መስመሮች ላልነካ ቃል እገባለሁ። በራቸው እንደተከፈተ ይደር።

ከማክበር ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ተማሪዎቿ “እማማ ነጥብ” የሚሏት
ጡረተኛ የቋንቋ መምህርት