«ደህና አደረ» ሲለኝ የነበረው ወንድምህ

ግርምዬ፣ ሆዴ፣

ከተለየኸኝ ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። ሚስትህ ተማሪ ሆናለች፤ አትሳቅ። ዲቪ ሲደርሰን ሁለተኛ ዓመት ላይ ጥዬው የመጣሁትን ኮሌጅ በሃምሳ ሁለት ዓመቴ እዚሁ ኮሎምበስ ቀጥዬዋለሁ፤ አሁን ግን ነርሲንግ ነው። የመጀመሪያ ቀን አስተማሪዋ ስትገባ ብድግ ብዬ ቆምኩላት። ክላሱ በሙሉ ዞሮ አየኝ፤ እሷም ያመመኝ መስሏት መውጣት እፈልግ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ቤት ገብቼ የምነግረው ሰው አጣሁ እንጂ፣ አንተ ብትሰማ እስከ ፋሲካ መሳቂያ ታደርገኝ ነበር። ቴሌቪዥንህን ከሳሎን አውርጄ በቦታው የሳንባ ሥዕል ለጥፌያለሁ። ይቅርታ አልልህም፤ ኳስ የሚያይ የለም።

ወንድምህ ጋሼ መኮንን ያው ነው፤ ደረቱን ነፍቶ ይሄዳል። ኮሌጅ መግባቴን የሰማ ዕለት ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ሰው እየሰማ «ካረጁ አይበጁ» አለኝ። ጥቁሯን ሳታወልቅ ቦርሳ አንጠለጠለች ማለቱንም ሰምቻለሁ። ይህን ያህል ዘመን አሜሪካ ኖሮ ሐኪም ፊት ከ«የስ፣ የስ» ሌላ የማይወጣው ሰው፣ እኔን ስለ ትምህርት ሲመክረኝ አይገርምህም?

ለምን እንደምማር ደግሞ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ያኔ አንተ ስትተኛ ኮቪድ ነው ብለው ጠያቂ ሆስፒታል አያስገቡም ነበር። እሱ እንግሊዝኛውን እኔ እችላለሁ ብሎ የራሱን ስልክ አስመዘገበ። በየማለዳው ደውሎ «ደህና አደረ» ይለኛል። እኔ ሞኟ ተመስገን እያልኩ፣ ሲወጣ ይጠጣል ብዬ ሾርባ ሠርቼ ፍሪዘር ሞላሁ። ለካ ሐኪሙ በአስተርጓሚ ኮል አድርጎ፣ አይተርፍም፣ ባለቤቱ በቪዲዮ ትሰናበተው ብሎታል። ጋሼ መኮንን ሆዬ፣ ለሴት ልጅ እንዲህ ያለ ነገር በድንገት አይነገርም ብሎ ዋጠው። ከዚያ እንደ ደንቡ ዘመድ ሰብስቦ ሊነጋጋ ሲል በሬን አንኳኳ። መርዶውን አሳመረው አሉ፤ እንዴት ያለ አስተዋይ ሰው ነው ተባለለት። አስተዋይ! አንተን ሳልሰናበት አስቀርቶኝ እሱ ተመሰገነ።

ልብስህን ልቀበል ስሄድ ነርሷ በቪዲዮ ሳትሰናበቺው በመቅረትሽ አዝናለሁ አለችኝ። ከተናገረችው የገባኝ ግማሹ ነው፤ ግማሹ ግን በቃኝ። ከእንግዲህ ስለ ሰዎቼ የሚነገረውን ራሴ እሰማለሁ ብዬ የተመዘገብኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ባለፈው ወር እሱ ራሱ ታመመ። ልጆቹ አንቺ የሐኪሞቹን ቋንቋ ታውቂያለሽ ብለው አብሬው እንድገባ ለመኑኝ፤ ለእሱ ግን እንዳትነግሪው አሉኝ። የአባታቸው ልጆች አይደሉ! ሐኪሙ ሳንባው ላይ ያገኘውን ካንሰር ተናገረ፤ መሰራጨቱንም ተናገረ። ጋሼ መኮንን «የስ፣ የስ» አለ። ስንመለስ ሞርስ ሮድ ላይ ቀይ መብራት ይዞን፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ እንዳዞረ ሐኪሙ ምን እንዳለ ጠየቀኝ።

«ደህና ነህ» የሚለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። የዘራውን ይጨድ አልኩ በሆዴ። ግን እሱን መምሰል አስጠላኝ። አንድም ሳላስቀር ነገርኩት።

መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ከኋላዬ ጥሩምባ ነፉብኝ። ከዚያ «ያን ቀን ወንድሜ አልማዝ፣ አልማዝ እያለ ይጠራሽ ነበር። ሐኪሙ ነግሮኛል» አለኝ።

ይህን ሁሉ ጊዜ ይዞት ኖረ፣ ግርምዬ! መኪናውን ዳር አስይዤ አለቀስኩ። እሱም አለቀሰ፤ አላባበልኩትም። ዛሬም እንቀዋለሁ። ኬሞ የማመላልሰው ግን እኔ ነኝ፤ ያንተ ወንድም ሆኖብኝ ነው እንጂ ፊቱን ማየትም አልፈልግም።

ሰኞ ፈተና አለኝ። አልፌ ይህን ሥራ ከያዝኩ፣ በእኔ ተረኛነት የተኛ ሰው ስም ከጠራ፣ ቤተሰቡ ይደብቅም አይደብቅ፣ የተጠራው ሰው ሳይነጋ እንዲሰማ አደርጋለሁ። አንተን የማስብህ እንዲህ ነው፤ ተዝካርና ሙት ዓመቱን ወንድምህ ያሳምርልህ።

ያኔ ዝም ያልኩህ ስላልሰማሁ ነው። አሁን ሰምቻለሁ።

አቤት፣ ግርምዬ።

አልማዝህ