የለም ብዬ ስለፈረምኩበት መዝገብ

ለክቡር አቶ ገዛኸኝ
የምሥራቅ በር የይዞታ መዝገብ ማዕከል ኃላፊ
ቡታጅራ

ክቡርነትዎ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ እንዲሁም ከስብሰባ ወደ ስብሰባ የሚያመላልስዎት ጉልበት ሳይጓደል እንዲቆይ ከልብ እመኛለሁ። እኔ በማዕከልዎ በኮምፒውተር ባለሙያነት ሁለት ዓመት ያገለገልኩ፣ ከዩኒቨርሲቲ በማዕረግ የተመረቅኩ፣ ይህንንም ማንም ሳይጠይቀኝ የምናገር ኑኃሚን ዱባለ ነኝ። በውስጥ ማስታወሻ ያመለከትኩት ጉዳይ ጠረጴዛዎ ላይ አሥራ አንድ ቀን ስላረፈ፣ ዕረፍቱንም መረበሽ ነውር መስሎ ስለታየኝ፣ በአደባባይ ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

ጉዳዩ የወይዘሮ ዘርፈሽዋል ነው። ባለቤታቸው አቶ ደበሌ ካረፉ በኋላ የሟች ወንድም «ግቢው የእኔ ነው» ብለው ከሰሷቸው። ፍርድ ቤቱም በአቶ ደበሌ ስም የይዞታ መዝገብ መኖር አለመኖሩን ማዕከላችንን ጠየቀ፤ ማዕከላችንም «የለም» ሲል መለሰ። መዝገቡ ግን አለ። «የለም» በሚለው ደብዳቤ ግርጌ፣ «ያጣራችው ባለሙያ» ከሚለው ጎን ያረፈው ያማረ ፊርማ ደግሞ የእኔ ነው። ቀጠሮው የፊታችን ሰኞ ሲሆን፣ እስከዚያ ካልታረመ ሴትዮዋ ሃያ ስድስት ዓመት ከኖሩበት ግቢ ይወጣሉ።

ቅሬታዎቼን በትሕትናና በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. የመጀመሪያው ቅሬታዬ በራሴ ላይ ነው። ይህን ደብዳቤ ለሚያነብ የከተማችን ሰው ላስረዳና፣ ኮምፒውተር አንድን መዝገብ ፈልጎ እንዲያገኝ ጽሑፉ አስቀድሞ በየቃሉ ተቆራርጦ ማውጫ ውስጥ መግባት አለበት። የእኛ ማውጫ ስም፣ አድራሻ፣ አዋሳኝ፣ የጉዳዩ ዓይነትና ሙሉ ጽሑፍ የሚባሉ አምስት ዓምዶች አሉት። ለአምስቱ ዓምዶች አምስት ክፍሎች ስላሉን፣ ያው አንድ ጽሑፍ አምስት ጊዜ፣ በአምስት ዓይነት ደንብ ይቆረጣል። ይህን ባየሁ ጊዜ አገር የማዳን ስሜት አደረብኝ። ጽሑፉ አንድ ጊዜ ብቻ ይቆረጥ፣ ሁሉም ክፍል ከዚያው ይውሰድ፣ ቀሪውን ማጣራት እያንዳንዱ በየሙያው ይሥራ የሚል ሐሳብ በአርባ ሁለት ገጽ ጽፌ ለስብሰባ አነበብኩ። ሰባተኛው ገጽ ላይ የመጀመሪያው ማንኮራፋት ተሰማ፤ እኔ ግን የአድናቆት ድምፅ መስሎኝ ቀጠልኩ።

ማስረጃዬ እንሰት ነበር። ጉንችሬ ያሉት አክስቴ ዘነበችና ጎረቤቶቻቸው የሚፍቁት አንድ ጊዜ ነው፤ ከዚያው ፍቂያ ቆጮውም፣ ቡላውም፣ ቃጫውም ይወጣል። እያንዳንዱ የራሱ አያያዝ አለው እንጂ፣ ለቡላው ብሎ ሌላ እንሰት የሚጥል ሰው አላየሁም። ይህን ስናገር እንደ ታላቅ የእንሰት ሊቅ ደረቴን ነፍቼ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ በዕድሜዬ እንሰት ለመፋቅ የተቀመጥኩት አንድ ጠዋት ብቻ ነው። ሩብ ሰዓት እንኳ ሳይሞላኝ አክስቴ የቀርከሃውን መፋቂያ ከእጄ ወስደው፣ «አንቺ ልጅ፣ ጣትሽ ቆጮው ውስጥ ሳይገባ ተነሺና ውሃ አምጪልን» ብለውኛል።

፪. ለሐሳቤ የሰጡኝን መልስ በአክብሮት አስታውሰዋለሁ። ቢሮዎ አስጠርተውኝ፣ ወንበር ስበው አስቀምጠውኝ፣ «ልጄ፣ አንዴ ከተቆረጠ የቀሩት አራት ክፍሎች በሩብ ዓመት ሪፖርታቸው ምን ብለው ይጻፉ? ሥራ ሲያንስ እኮ ሰው ይቀነሳል» አሉኝ። አንድ ሥራ አምስት ጊዜ ሲሠራ አምስት አፈጻጸም እንደሚሆን፣ በዩኒቨርሲቲ ቆይታዬ ሁሉ የነገረኝ መምህር አልነበረም። ይህን የትምህርት ክፍተት በአንድ ትንፋሽ ስለሞሉልኝ አመሰግናለሁ።

፫. የአድራሻ ክፍል ኃላፊው አቶ ሸረፋ ባለፈው መስከረም፣ ለመስቀል ከአዲስ አበባ የገባው የአገር ልጅ ሁሉ ስለ ይዞታው ሊጠይቅ እስከ አጥሩ ድረስ በተሰለፈበት ሳምንት፣ አዲስ ደንብ አወጡ። «አድራሻ እንደ ርስት ነው፤ ከተቆራረጠ ጠብ ያመጣል፤ እንዳለ ይቀመጥ» አሉ፤ እርስዎም አጸደቁ። በከተማችን ቤቱን በቁጥር የሚያመላክት ሰው እንደሌለ ግን ሁላችንም እናውቃለን። የአቶ ደበሌ አድራሻ በመዝገቡ ላይ «ከአሮጌው ወፍጮ ቤት ዝቅ ብሎ፣ ከሰይዶ ቆርቆሮ መሸጫ ጀርባ፣ ዝግባው ያለበት ግቢ» ተብሎ ተጽፏል። በአዲሱ ደንብ ወፍጮውም፣ ቆርቆሮውም፣ ዝግባውም ተጣብቀው አንድ ረጅም ቃል ሆኑ። የፍርድ ቤቱ ጥያቄ ደግሞ «ከሰይዶ መሸጫ ጀርባ» ብቻ ይላል። ኮምፒውተሩ ስሙን አገኘ፣ አዋሳኙን አገኘ፣ አድራሻው ላይ ሲደርስ ግን ሰይዶ የሚባል ሰው አላውቅም አለ። አምስቱ ዓምዶች ካልተስማሙ መዝገቡ አይታይም የሚል መመሪያም ስላለን፣ የአንዱ ዝምታ የሁሉም ክህደት ሆነ።

፬. ይህም በራሴ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሊደርስ እንደሚችል በሠላሳ አንደኛው ገጽ ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ሲደርስ ያላወቅኩትም እኔው ነኝ። ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ደብዳቤውን በመስኮቱ ተቀብለው፣ «የኔ ልጅ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ ግን ደበሌ ካርታውን ሲያወጣ እኔ እዚሁ በር ላይ ቆሜ ጠብቄዋለሁ» አሉኝ። እኔም ሲስተሙ እንደማይሳሳት አስረዳኋቸው። በጣም በትሕትና፣ እንዲያውም ፈገግ ብዬ ነው ያስረዳኋቸው። እርሳቸውም አመስግነውኝ ሄዱ። እስከ ዛሬ ከሰው ከደረሰብኝ ስድብ ሁሉ እንደዚያ ምስጋና ያመመኝ የለም።

፭. ነገሩ ስላልለቀቀኝ በማግስቱ መዝገብ ክፍል ገብቼ በእጄ ፈለግኩ። አርባ ደቂቃ ፈጀብኝ። መዝገቡ ከነካርታው፣ ከነማኅተሙ፣ ከነአቧራው ተቀምጧል። ይህንኑ ገልጬ ደብዳቤው እንዲታረም አመለከትኩ። ማመልከቻዬ እስከ ዛሬ መልስ ሲያጣ፣ «ያለ ፈቃድ መዝገብ ክፍል በመግባት» የሚለው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ግን በነጋታው ደረሰኝ። ማዕከላችን እንዲህ መፍጠን እንደሚችል ስላሳዩኝ ኮርቻለሁ።

ስለዚህ፣ ክቡርነትዎ፣ ማስጠንቀቂያው እንዳይባክን ብዬ ለሁለተኛ ጥፋት የሚበቃ ሥራ ሠርቻለሁ። ፊርማዬን ማንሳቴንና መዝገቡ የት እንዳለ ገልጬ ትናንት ለፍርድ ቤቱ በራሴ ስም ጽፌያለሁ፤ አንድ ቅጂም ለወይዘሮ ዘርፈሽዋል ቤታቸው ድረስ ወስጄ ሰጥቻለሁ። ደብዳቤው ማኅተም የለውም፤ በአምስቱም ክፍሎች አላለፈም። ሰኞ በምስክርነት ስለምቆም ከሥራ ገበታዬ አልገኝም፤ «ቀሪ» ብለው ያስመዝግቡኝ። ቢያባርሩኝም አልከራከርም፤ ማንበብና መጻፍ የምችል ሰው መዝገብ ቤት ውስጥ ምን እንደምሠራ እኔም ግራ ከገባኝ ቆይቷል።

ለአምስቱም ክፍሎች ያለኝን አንድና የማይከፋፈል አክብሮት እየገለጽኩ፣ ለሪፖርትዎ ማማር ዘወትር የምጸልይ፣ እስከ ዛሬ ከሰዓት ድረስ ባለኝ መረጃ የማዕከልዎ ባለሙያ፣

ኑኃሚን ዱባለ

ማስታወሻ፦ ፍርድ ቤቱ ደብዳቤዬን ተመልክቶ፣ ዋናውን መዝገብ ይዘው ሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ እርስዎ በአካል እንዲቀርቡ ዛሬ አዟል። መዝገቡ ሦስተኛው መደርደሪያ፣ ከታች ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነው። እባክዎ በኮምፒውተር አይፈልጉት።