ለእሱ የተላኩ ብርጭቆዎች

ማክሰኞ፣ ግንቦት 6

የላይኛው ፎቅ እትዬ ዛሬ ትንሽ ተሽሏቸዋል። የጉልበታቸው እብጠት ጎድሏል፤ ደረጃው ግን ገና አልተሞከረም። ወጥቼ ትራሳቸውን አስተካከልኩላቸው። ትልቋ ልጃቸው ወንድ ወልዳለች... ሦስተኛ ወንድ። "የኳስ ቡድን ልታቋቁም ነው" ይላሉ እየሳቁ። ትንሹ ደግሞ ሥራ ቀይሯል። ምን ሥራ እንደሆነ ለሳቸውም አልገባቸውም። "ኮምፒውተር ፊት ቁጭ ብሎ ይውላል፣ ደመወዝ ይሰጡታል" አሉኝ። እኔም ስፌት መኪና ፊት ቁጭ ብዬ እውላለሁ፣ ማን ነው ደመወዝ የሚሰጠኝ?

ሁለት ሱሪ አሳጠርኩ። አንድ ዚፕ ቀየርኩ።

አመሻሽ ላይ ባሌ ድሮ አብሮት ይጫወት የነበረው ድራመር መጣ። ባሌ መጠጥ ካቆመ ወዲህ ይህ ሰው ደጃችንን ረግጦ አያውቅም። ባሌ ጠርሙሱንም ሳክስፎኑንም በአንድ ሳምንት ነው የተዋቸው፤ አንዱን ይዞ አንዱን መተው አልሆነለትም። ዓመት ሊሞላው ነው። ሳክስፎኑ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ቁም ሳጥኑ ላይ ተኝቷል።

"እህት ዓለም፣ እንዳትቆጪኝ" ብሎ ጀመረ። ደግ ነገር ይዞ የመጣ ሰው እንዲህ ብሎ አይጀምርም። በሚጫወቱበት የሙዚቃ ቤት ሳክስፎን የሚነፋላቸው ልጅ ክንዱ ተሰብሯል። ቅዳሜ ማታ ቤቱ ጢም ይላል፣ የሚነፋ የለም። "ሁለት ቅዳሜ ብቻ" አለ።

ባሌ ቀና ብሎ ቁም ሳጥኑን አየ... እኔ ደግሞ እሱን አየሁ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 7

እንቅልፍ የሚባል በዓይኔ አልዞረም። እሺ ብሏል።

ሐሙስ፣ ግንቦት 8

ከጋራዥ ሲመለስ እጁን ታጥቦ፣ እህል እንኳን ሳይቀምስ ሳክስፎኑን አወረደ። ወለወለው። ነፋ። መጀመሪያ ጉንፋን የያዘው በግ ይመስል ነበር፤ እያደር መጣለት። እትዬ ከላይ ወለሉን በምርኩዛቸው መቱት። ተቆጡ ብዬ እየሮጥኩ ወጣሁ።

"ለምን አቆመ?" አሉኝ።

እዚያው አልጋቸው ጫፍ ቁጭ ብዬ የሆዴን ዘረገፍኩላቸው። ያ ቤት የራሱ ደንብ አለው። ዜማው የጣመው ሰው ለሙዚቀኛው ብርጭቆ ይልካል። አስተናጋጁ ወስዶ መድረኩ ላይ፣ ተጫዋቹ አጠገብ ባለችው ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣል። ዜማው ሲያልቅ ተጫዋቹ ብርጭቆውን ለላኪው ከፍ አድርጎ ይጎነጫል። አልጠጣም ማለት ሰው መስደብ ነው። ድሮ ያቺ ጠረጴዛ ሞልታ ታመሽ ነበር... እሱም አብሯት ይሞላ ነበር። አሁን አንድ ቢጎነጭ፣ አንዱ ሁለተኛውን ቢጠራ፣ ያ ሁሉ ወር ውሃ በላው ማለት አይደል?

"አብረሽው ሂጂ" አሉኝ።

"ሄጄስ ምን ላደርግ?"

"ዓይንሽን ይዘሽ ትሄጃለሻ። ሌላ ምን አለሽ?"

ዓርብ፣ ግንቦት 9

ነገርኩት። አብሬህ እሄዳለሁ አልኩት።

"ልትሰሚኝ ነው ልትጠብቂኝ?" አለ።

"ልሰማህ" አልኩ። ዓይኑን ሳላይ ነው የመለስኩት።

የአንዷን ደንበኛ እጅጌ ገልብጬ ሰፍቼ እንደገና ፈታሁት። እጄ እዚህ፣ ልቤ ሌላ ቦታ።

እሑድ፣ ግንቦት 11

ራሴን ለሁለት ሊፈልጠኝ ነው... ግን ካልጻፍኩት አይወጣልኝም።

ቤቱ ጠባብ ነው። ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ግድግዳው ቀይ፣ ወንበሮቹ አንዱ ካንዱ የተጣበቁ። መድረኩ አጠገብ ተቀመጥኩ። ሰማያዊዋን ቀሚሴን ነበር የለበስኩት፣ በገዛ እጄ ሁለቴ ያሰፋኋትን። ለስላሳ አዘዝኩ። ባሌ በነጭ ሸሚዝ መብራት ሥር ቆመ። ከስቷል... ግን አምሮበታል። ይህን ሰው ነው እንዴ በየቀኑ ካልሲህን አንሳ የምለው?

የመጀመሪያው ዜማ ሳያልቅ አንድ ወፍራም ሰውዬ አስተናጋጁን ጠራ። ጣቱን ወደ ባሌ ቀሰረ።

ተነስቼ አስተናጋጁን መሀል መንገድ ላይ ያዝኩት። "የኔ ልጅ፣ ለሳክስፎኑ የሚላከውን ወደኔ አምጣው። ሚስቱ ነኝ።"

"ሁሉንም፣ እናቴ?"

"ሁሉንም።"

ግራ የገባው ይመስል አየኝ። ምን አለ ይሆን በሆዱ? የባሏን ድርሻ የምትሻማ ስግብግብ ሳልመስለው አልቀረሁም።

አንድ ነገር ግን አላሰብኩም። ዊስኪው ጠረጴዛዬ ላይ ሲያርፍ ወፍራሙ ሰውዬ ከወዲያ የራሱን ብርጭቆ ከፍ አደረገልኝ። ምን ላድርግ? ላኪው እያየ ይደፋል? ደግሞስ የት? መሬቱ ምንጣፍ ነው። እንዳልተወው ባሌ በእረፍቱ መጥቶ እዚሁ ነው የሚቀመጠው፣ ብርጭቆው እጁ ሥር... ተጎነጨሁ። ጉሮሮዬ ነደደ። ሰውየው አጨበጨበልኝ።

ሁለተኛው መጣ። ጥግ ላይ የተቀመጡት ሴቶችም ላኩ። ባሌ ባማረበት ቁጥር ብርጭቆ ይመጣል። ጭብጨባውን ጠላሁት። በልቤ "እስቲ አንድ ጊዜ እንኳን ተሳሳት" እያልኩ ነበር። ለባሏ እንዲህ የምትመኝ ሴት የት አለች?

በእረፍቱ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ባዶ ብርጭቆዎቹን አየ።

"ማን ነበር እዚህ?"

"ማንም።"

"ታዲያ ይሄስ?"

"ለስላሳ ነው" አልኩ፤ ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነገር ነው መሰለኝ። ብዙ አየኝ። "ውሃ አምጡላት" ብሎ ሳይጨርስ ድራመሩ ጠራው።

ከዚያ በኋላ ምን ተጫወቱ? እንጃ። መሳቄ ትዝ ይለኛል። ከጥጉ ሴቶች መሀል ገብቼ "ባሌ ነው፣ ያ ባሌ ነው" ስል ነበር። አንዷ "አውቀናል እህቴ፣ አሁንም አሁንም ነገርሽን" አለችኝ። አንድ ጊዜ ደግሞ ሳክስፎኑ መሀል ላይ ዝም አለ። ድራመሩ ብቻውን ይመታል። ቀና ስል ባሌ እኔን ያያል። ከዚያ ቀጠለ።

በታክሲ ተመለስን። ባንድ እጁ ሳክስፎኑን፣ ባንድ እጁ እኔን ይዞ። ጎረቤት እንዳይነቃ ደረጃው ላይ ጫማዬን አወለቀልኝ። ባልዲውንም እሱ ነው ያመጣልኝ... ስንት ሌሊት እኔ ያመጣሁለትን ባልዲ። አፉ አይሸትም ነበር። የሸተትኩት እኔ ነኝ።

ሰኞ፣ ግንቦት 12

ትናንት ሾርባ ሠርቶ ሰጠኝ እንጂ አልተናገረኝም። ዛሬ ደግሞ ቆየ። በቃ፣ አዋረድኩት፣ ተበሳጭቶ ሊጠጣ ገባ አልኩ። ያው እኔው ራሴ ገፋሁት... እየሰፋሁ በሩን በሩን አያለሁ።

መጣ። ወንበር ስቦ መኪናው ፊት ለፊት ተቀመጠ። "እግርሽን ከፔዳሉ ላይ አንሺ" አለኝ። አነሳሁ።

"ከአስተናጋጁ ጋር ነበርኩ። ሁሉንም ነገረኝ።"

ጨርቁን ከመርፌው ሥር ሳብኩ።

"ቅዳሜ ከመጀመራችን በፊት ተስማምተን ነበር። ለኔ የተላከውን ጓዳ አስቀርቶ በሌላ ብርጭቆ ሻይ ቀድቶ ሊያመጣልኝ። መልኩ አንድ ነው፣ ማን ያውቃል? በኋላ አንቺ መጣሽና ሁሉንም ወደኔ አልሽው። ልጁ ማንን ይስማ?"

ያን ሁሉ የጠጣሁት በከንቱ ነው ማለት ነው? "ለምን አልነገርከኝም?" አልኩት።

"ልሰማህ ነው የምመጣው ስላልሽኝ።"



ከዚያ እጆቹን አየ። "መሀል ላይ ያቆምኩት ረስቼው አይደለም" አለ። "ያንቺን ብርጭቆ ስቆጥር ዜማው ጠፋኝ። ይሄን ታስቀምጠዋለች ስል ታነሺዋለሽ። ይበቃታል ስል ሌላ ይመጣል። ወርጄ እንዳልቀማሽ ሰው ያየኛል።" እጆቹን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ "እንዲህ ነበር ለካ" አለ። "አንቺ ስንት ዓመት እንዲህ ቁጭ ብለሽ..."

አልጨረሰውም። እኔም ጨርሰው አላልኩትም። የስፌት መኪናውን መብራት ሳላጠፋ ስፌቱን ትቼ ተነሳሁ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 14

ለእትዬ ነገርኳቸው። ጉልበታቸውን ይዘው ነው የሳቁት። "ዓይንሽን ይዘሽ ሂጂ አልኩሽ እንጂ ጉሮሮሽን አልኩሽ?"

ቅዳሜ፣ ግንቦት 17

ሁለተኛው ቅዳሜ። ነጭ ሸሚዙን ተኮስኩለት። በሩ ላይ "ትመጫለሽ?" አለኝ። አጠያየቁ ከልቡ ነው። ቀሚሴን እስከ ማንሳት ደርሼ ነበር... መልሼ ሰቀልኩት። ብሄድ ዓይኔ ያው ብርጭቆ ላይ ነው፣ የሱም ዓይን እኔ ላይ።

"ስትመጣ ትነግረኛለህ" አልኩት።

ሄደ። አሁን ብቻዬን ነኝ። አስተናጋጁ ዛሬ ባይገባስ? ሌላ ሰው ቢተካስ? ሻዩ ቢያልቅስ... የሙዚቃ ቤት ሻይ ያልቃል እንዴ? ሁለቴ ስልኩን አንስቼ ሁለቴ አስቀመጥኩ። የማያስቸኩል ጉርድ አውጥቼ ጠርዙን በእጄ እየሰፋሁ ነው፣ በመኪና የሚያልቀውን። እጄ ሥራ ይያዝ።

እሑድ፣ ግንቦት 18

ጠዋት ድራመሩ መጣ። የልጁ ክንድ ገና ነው አለ። "ትንሽ ቅዳሜዎች ይጨመሩ፣ እህት ዓለም" ብሎ እኔን ይለምናል። "እኔን ምን ታየኛለህ፣ ነፊው እዚያ ተቀምጧል" አልኩት። ባሌ እሺ አለ።

ከሰዓት የባሌ እህት መጣች። ወሬው ደርሷታል። ገና ሳትቀመጥ፣ "ብቻውን ለቀቅሽው አሉ" አለች።

"ለቀቅኩት።"

"በዚያ ቤት?"

"በዚያ ቤት።"

"እና ጠጥቶ ገባ?"

"አልጠየቅኩትም።"

"ታዲያ ምን ጠየቅሽው?"

"ምን ተጫወታችሁ አልኩት።"

"እሱስ?"

"ከመጀመሪያው ዜማ ጀምሮ ይነግረኝ ገባ። ሦስተኛው ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ።"

አየችኝ አየችኝና፣ "አንቺስ ጤናም የለሽ" ብላ ሻይዋን ሳትጨርስ ሄደች።