ምድጃው ውስጥ የሚያንኳኳው

አንተ ወንድሜ፣ አንተን ነው የማናግረው፤ ዞር ዞር አትበል! ለመሆኑ ጤናህስ? እኔም፣ አባባም፣ ከሰል የሚያከስሉት ሠራተኞቻችንም እንዳለን አለን።

ጥቅጥቁ ቀርከሃ ከሰሉ እንደ ብረት ይጮኻል፣ እሳቱም ይቆያል። ውስጡ ባዶ የሆነው ቶሎ ተያይዞ ቶሎ ያልቃል፤ አንጓው ሳይሰነጠቅ ማክሰያው ምድጃ ውስጥ ከገባ ደግሞ ቋ! ቋ! እያለ ይፈነዳል። መሰንጠቁ ያንተ ሥራ ነበር። አሁን አባባ ሆነ ብለው ሳይሰነጥቁ ይጨምሩታል። ሲፈነዳ ጆሯቸውን ምድጃው ላይ ደቅነው፣ «ወንድምሽ እያንኳኳ ነው፤ ክፈቺለት» ይሉኛል። «ኧረ እሱ ከተማ ነው!» ብል ማን ሰምቶኝ! ትናንት ምድጃው ሳይበርድ ከፈቱት፤ አየር ገባና ከሰሉ ሁሉ አመድ ሆነ። ዛሬ ጫማቸውን አውልቀው ሊገቡ ምድጃው አፍ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። «እዚያ ብቻውን ነው» አሉኝ።

ደህና ሁንልኝ። ግን ለእኔ ለብቻዬ ሹክ እንዳትል፤ እሁድ ደውል፣ ሠራተኛው ሁሉ ተሰብስቦ፣ አባባም እየሰሙ፣ ጮክ ብለህ «እዚህ ነኝ» በል!

እህትህ